ገና ሁለት ወር ይቀራታል

ዳማ ለሦስተኛ ጊዜ ተኛች፤ ለሦስተኛ ጊዜ ተነሣች። አገሬ የገብስ ገለባ እንዳቀፈች የበረቱ ደጃፍ ላይ ቆማ ታያታለች። ባዝራዋ አንገቷን አዙራ ጎኗን አየች፤ በፊት እግሯ መሬቱን ጫር ጫር አደረገች፤ ጭራዋን አነሣች። ከዚያ በጠባቡ በረት ውስጥ እንደ ገና ትዞር ጀመር። አራት እርምጃ፣ መዞር፣ አራት እርምጃ፣ መዞር። የጠዋቱ ብርድ ገና አልለቀቀም፤ የዳማ አንገት ግን በላብ ርሷል።

«ዳምዬ፣ እባክሽ» አለች አገሬ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ። «እባክሽ ዛሬን ብቻ ተረጋጊልኝ።»

ዳማ አልሰማቻትም። ምን ታድርግ፣ ሆዷ ውስጥ ያለው ነገር ቀጠሮ አይሰጣት።

አገሬም ከነቃች ጀምሮ እህል አልቀመሰችም፤ እንደዚያ ሆና ደግሞ በብርዱ በባዶ እግሯ ቆማለች። ከቤት ውስጥ የእናቷ የወይዘሮ ሰብለ ወንጌል ዝማሬ ይሰማታል። እናቷ የሚዘምሩት ጓዝ እየሸከፉ ነው። ሞጣ ያገባችው ታላቅ ልጃቸው ጥሩአየሁ ሴት ልጅ ወልዳለች። የፊታችን እሑድ ሕፃኗ ሰማንያ ቀን ይሞላታል፤ ክርስትና ትነሣለች። የመጀመሪያ የልጅ ልጃቸው ናት። ከቢቸና ሞጣ በከብት ጀርባ የሁለት ቀን መንገድ ነው። ሰሞኑን በጣለው ዝናብ ምክንያት የጭነት መኪናዎቹ ቆመዋል። እናቷ ደግሞ ጉልበታቸውን ካመማቸው ወዲህ ከገበያው ወዲያ በእግራቸው መሄድ አይችሉም። ስለዚህ እሳቸው ዳማ ላይ ተቀምጠው፣ አባቷ ልጓም እየሳቡ፣ ዛሬ ደብረ ወርቅ ዘመድ ቤት አድረው ነገ ሞጣ ሊገቡ ነው።

አባቷ አቶ ወልደ ኪዳን ኮርቻውን በትከሻቸው ተሸክመው ከጓሮ ብቅ አሉ።

«እስካሁን አላበላሻትም?»

«አትበላም አባባ። ታማለች። ትነሣለች፣ ትተኛለች፣ ጎኗን ታያለች።»

አባቷ ኮርቻውን አስቀመጡና ወደ በረቱ ገቡ። የአጥቢያ ዳኛ ናቸው፤ ሰውንም ከብትንም ሲያዩ ዓይናቸውን ጠበብ አድርገው፣ ሳይቸኩሉ ነው። የዳማን ሆድ በመዳፋቸው መታ መታ አድርገው ጆሯቸውን አስጠጉ።

«ቁርጠት ነው። ትናንት እርጥብ ሣር አግጠሻታል።»

«እርጥብ አላጋጥኳትም።»

«እንግዲያው ሰርቃ በልታለች። ቁርጠት ለያዘው ፈረስ መድኃኒቱ መንገድ ነው። የመጀመሪያውን ዳገት ሳንጨርስ ይለቃታል።»

አገሬ ያላት ምልክት ሌላ አንድ ብቻ ነበር።

«ጡቷን ይዩልኝ እስቲ። ሞልቷል። ጫፉ ላይ እንደ ሰም ያለ ነገር ወጥቷል፤ ከሌሊት ጀምሮ ደግሞ ያንጠባጥባል።»

አባቷ ጎንበስ ብለው አዩ። አገሬ ፊታቸውን ጠበቀች። አባቷ ግን ቀና ሲሉ እየሣቁ ነበር።

«አይ ልጄ! በቅሎ ያረገዘች ባዝራ እንዲህ ናት። ጡቷ ቀድሞ ይሞላል። የአህያ ዘር ከፈረስ ሆድ አይስማማምና ያቁነጠንጣታል፤ አባቴም ሲሉ ሰምቻለሁ። ቁጠሪ እስቲ። ከአህያው ጋር ያገናኘናት ለሐምሌ ገብርኤል። በቅሎ ዐሥራ ሁለት ወር ነው። ዛሬ ግንቦት ዐሥራ አምስት። ገና ሁለት ወር ይቀራታል።»

«ገና ሁለት ወር» ብላ ደገመችው አገሬ፤ ሌላ የምትለው ስላጣች።

እሷ ስትቆጥር የከረመችው ግን ከሐምሌ ገብርኤል አልነበረም። የጂኦግራፊ ደብተሯ የመጨረሻ ገጽ ላይ በእርሳስ የጫረቻቸው ዐሥራ አንድ መስመሮች የሚጀምሩት ከሰኔ ዐሥር ነው።

ባለፈው ዓመት ሰኔ ዐሥር ቀን ትምህርት ቤቱ የሚዘጋበት በዓል ነበር። አገሬ ከስድስተኛ ክፍል አንደኛ ወጥታለች፤ የአውራጃው ገዢ በተገኙበት ስሟ ሊጠራ፣ ሽልማት ልትቀበል ነው። አባቷ ግን በዚያን ዕለት «ዳማ ወንድ የምትፈልግበት ሰሞን ነው፤ ከመስክ አትለያት፤ ሽልማቱን መምህሩ ይልክልሻል» አሏት። በቅሎ የአባቷ የብዙ ዓመት ምኞት ነው። ሌላው የአጥቢያ ዳኛ ሁሉ በበቅሎ ሲሄድ እሳቸው በእግራቸው ናቸውና ዳማን ከአንድ ታዋቂ ድንጉላ አህያ ጋር ሊያገናኟት ተነጋግረው ጨርሰዋል። አገሬ ባዝራዋን መስኩ ላይ ኮሽም ግንድ ሥር አሰረቻትና ከጓደኛዋ ከበዛብሽ ጋር ሮጠች። ስሟ ተጠራ። ተጨበጨበላት። ስድስት ደብተርና አንድ ደርዘን እርሳስ ታቅፋ ስትመለስ ግንዱ ሥር የተበጠሰ ገመድ ብቻ ነው ያገኘችው። ዳማ ከወንዙ ማዶ ከአቶ ኃይለ ጊዮርጊስ ቀይ ድንጉላ ፈረስ ጋር ነበረች።

በሳምንቱ አቶ ኃይለ ጊዮርጊስ አባቷ ነገር ወደሚሰሙበት ዋርካ ሥር መጡ። ለአባቷ መልካም አስበው ነበር የመጡት። «ዳኛ፣ ባዝራህ ከፈረሴ ጋር ውላለች፤ በዓይኔ አይቻለሁ። ከእንግዲህ አህያ ጋር ብትወስዳት በከንቱ ትደክማለህ» አሉ። አባቷ አገሬን አስጠሩና ሰው ሁሉ በተሰበሰበበት ጠየቋት። አገሬ ያንን ሁሉ ዓይን አየች።

«ከእጄ አልወጣችም» አለች።

«ልጄ አትዋሽም» አሉ አባቷ። «ዓይንዎ ደክሞ ይሆናል አባቴ፤ ሌላ ባዝራ ነው ያዩት።»

ሰው ሣቀ። በማግሥቱ የሰፈሩ ልጆች ሽማግሌውን ባዩ ቁጥር «ዓይኑ ደከመ!» እያሉ ይሸሹ ጀመር። አቶ ኃይለ ጊዮርጊስ ከዚያ ወዲህ ዋርካው ሥር አልተቀመጡም። በወር በወሩ ከአባቷ ጎን ተቀምጠው ጠላ የሚጠጡበትን የማርያም ማኅበርም ተዉ። በሐምሌ ዳማ ወደ አህያው ስትወሰድ አሻፈረኝ ብላ ስትራገጥ ሦስት ሰው ነው አጥብቆ የያዛት። አባቷ ያንንም «ፈረስ አይደለች፤ አህያውን ንቃው ነው» ብለው ሣቁበት።

«አገሬ! አንቺ አገሬ!»

ከአጥሩ ወዲያ የበዛብሽ ራስ ብቅ አለ። የደብተር ቦርሳዋን ትከሻዋ ላይ አንጠልጥላ በእግሮቿ ጣቶች ቆማለች።

«ሊደወል ነው እኮ! ዛሬ የሒሳብ ፈተና መሆኑን ረሳሽው እንዴ?»

«በዛብሽ፣ ያቻት እያት። ልትወልድ ነው።»

በዛብሽ በአጥሩ ቀዳዳ አየች። ዳማ ያን ጊዜ ጉልበቷን አጥፋ ልትተኛ ነበር፤ ሐሳቧን ለውጣ ተነሣች።

«ኧረ ጉድ! ዛሬ?»

«ልናገር ነው።»

«አበድሽ? ዓመት ሙሉ አፍሽን ይዘሽ ዛሬ? አባትሽ እኮ ዳኛ ናቸው! አንቺን ገርፈው አይለቁሽም፤ ‹ማን ነበር አብሮሽ?› ይላሉ። ከዚያ የኔ አባት ከትምህርት ቤት አውጥቶ ይድረኛል።»

«ስምሽን አልጠራም።»

«ሂጂ ወዲያ! አንቺ ማልቀስ ስትጀምሪ የማታውቂውን ሁሉ ነው የምትዘረግፊው። አላውቅሽምና ነው?» በዛብሽ ድምፅዋን ቀነሰች። «ዝም በይ። መንገድ ላይ ከወለደች ወለደች። የመጀመሪያዋ ፈረስ አይደለችም።»

«የምትቀመጥባት እኮ እናቴ ናት። ገደል ገደሉን ነው የሚሄዱት።»

በዛብሽ ቦርሳዋን ከአንድ ትከሻዋ ወደ ሌላው አዛወረች።

«እኔ አላየሁም» አለች በመጨረሻ። «ምንም አላየሁም። ረፈደብኝ።» የእግሯ ኮቴ እየራቀ ሄደ።

አገሬ ግቢውን ዞር ብላ አየችው። ዛሬ እንዴት ጠበበ! አጥሩ እሾህ፣ በሩ ላይ መወርወሪያ፣ መሐል ላይ አባቷ ልጓም ይፈትሻሉ። የኮርቻው የሆድ ማሰሪያ ጠፍር እግሯ ሥር ወድቋል። አንሥታ ገለባው ውስጥ ሸጎጠችው።

«ጠፍሩስ?» አሉ አባቷ ከጥቂት ጊዜ በኋላ።

«አላየሁም።»

«አይጥ ወስዶት ይሆናል። ግድ የለም፣ በገመድ እናስራለን።» ገመድም ከግድግዳው ላይ አወረዱ። ይኸው ነው። አንዱን ቀዳዳ ስትደፍን ሌላው ይከፈታል፤ የምትዋሸውም ውሸት አሁን ሁለት ሆነ።

ወደ ቤት ሮጠች። እናቷ በቅጠል የተጠቀለለ ትንሽ ቅቤና በሶ በአገልግል አድርገው ገና ክዳኑን እየገጠሙ ነበር።

«እማዬ፣ አትሂጂ።»

«ምን አልሽ?»

«ሌላ ጊዜ ሂጂ። ከክረምት በኋላ።»

«ከክረምት በኋላ ሰማንያ ቀን አላት?» እናቷ ሣቁ፤ ከዚያ ፊቷን አይተው መሣቃቸውን ተዉ። «ምነው ፊትሽ አመድ መሰለ? አሞሻል? ነይ ግንባርሽን ልዳብስ። ደግሞስ ማን አለኝ ብለሽ ከሆነ፣ ጎረቤት አደራ ብያለሁ፤ ሦስት ቀን ነው የምቆየው።» ከጉያቸው አንዲት ትንሽ ቀሚስ አወጡ። «ክሩን የፈተልኩት መልእክተኛ ከሞጣ መጥቶ ‹ሴት ናት› ያለኝ ዕለት ነው። እኔ ራሴ ላለብሳት። ጉልበቴ እንዲህ ሆኖ ለሚመጣው ዓመት መቆሜን ማን ያውቃል?»

አገሬ ትንሿን ቀሚስ አየች። ከሁለት መዳፍ አትበልጥም። ተመልሳ ወጣች።

ውጭ ዳማ ተጭናለች። አባቷ ገመዱን ሲያጠብቁት ባዝራዋ ከሆዷ አቃሰተች፤ የኋላ እግሮቿን አራርቃ ቆመች። ጭራዋ ሥር ያለው ሥጋ ላልቶ ይታያል። እናቷ ነጠላቸውን አጣፍተው፣ አገልግላቸውን አንጠልጥለው መጡ። ለመወጣጫ የተተከለው ድንጋይ ላይ አንድ እግራቸውን አደረጉ፤ እጃቸውን በአባቷ ትከሻ ላይ ጣሉ።

«በስመ ሥላሴ» አሉ።

ዳማ ተንቀጠቀጠች። አንድ እርምጃ ወደ ጎን ሸሸች፤ እናቷ ተንገዳገዱ።

«ቁሚ!» አሉ አባቷ ልጓሙን እየሳቡ። «ቁሚ አንቺ!»

አገሬ እግሮቿ መቼ እንደሄዱ አላወቀችም። በእናቷና በባዝራዋ መሐል ገብታ ልጓሙን በሁለት እጇ ይዛ ቆማለች።

«እማዬ፣ እንዳትወጪ!»

«ልቀቂ!» አሉ አባቷ።

«ከሐምሌ አይደለም፣ አባባ። ከሰኔ ነው። ከሰኔ ዐሥር።» ድምፅዋ የሌላ ሰው መሰላት። «የሽልማቱ ቀን መስክ ላይ ጥያት ሄድኩ። ገመዱን በጥሳ ወንዙን ተሻገረች። አቶ ኃይለ ጊዮርጊስ ያዩት እውነት ነው። የዋሸሁት እኔ ነኝ። የዳማ ሆድ ውስጥ በቅሎ የለም። ዛሬ ልትወልድ ነው።»

አባቷ ቀኝ እጃቸውን አንሥተው አዩት። በአውራ ጣታቸው የጣቶቻቸውን አንጓ እየነኩ በሹክሹክታ ቆጠሩ። «ሐምሌ… ነሐሴ… መስከረም…» አውራ ጣታቸው ግንቦት ላይ ደረሰና ቆመ።

«ወልደ ኪዳን» አሉ እናቷ። «ልጄን እንዳትመታብኝ።»

አባቷ አልመቱም። ይመቱ ቢሆን ለአገሬ ይቀላት ነበር። ወደ ዳማ ዞሩና ያጠበቁትን ገመድ ፈቱ፤ ኮርቻውን አውርደው መሬት ላይ ጣሉት። እናቷ ከመወጣጫው ድንጋይ ላይ ቁጭ አሉ። አገልግሉን ጉልበታቸው ላይ አስቀመጡ። ወደ ሞጣ በሚወስደው መንገድ አቅጣጫ እያዩ ብዙ ቆዩ።

ከዚያ በኋላ ብዙም አልቆየ። ዳማ ለአራተኛ ጊዜ ተኛችና አልተነሣችም። ውኃዋ ፈሰሰ። አባቷ «ጨርቅ!» አሉ፣ «ገለባ!» አሉ፣ «ያዢ!» አሉ፤ ስሟን ግን አልጠሩም። በነጭ ሽፋን ውስጥ መጀመሪያ አንድ ትንሽ ሰኮና፣ ቀጥሎ ሁለተኛው፣ ከዚያ በእግሮቹ ላይ የተጋደመ አፍንጫ ታየ። አባቷ ሽፋኑን ቀደዱት። ውርንጭላው ወጥቶ ገለባው ላይ ተዘረጋ፤ አስነጠሰ። አገሬ በጨርቅ እየጠራረገችው ሆዱ ሲነሣና ሲወርድ ተሰማት። ይህ ሁሉ ደረጃ በደረጃ የመጣ ነገር መንገድ ላይ፣ ገደል አፋፍ ላይ፣ እናቷ ከላይ ተቀምጠው… ሐሳቡን መጨረስ አልቻለችም።

ጸሐይ አናት ላይ ስትደርስ ውርንጭላው ሦስት ጊዜ ወድቆ በአራተኛው ቆመ። አባቷ ጆሮውን በጣቶቻቸው ይዘው ከሥር እስከ ጫፍ ለኩት። አጭር ነው። ቀይ ነው።

«ፈረስ ነው» አሉ። አገሬ እውነቱን ካወጣች ወዲህ የተናገሩት የመጀመሪያ ዓረፍተ ነገር ነበር።

እጃቸውን ታጠቡ፤ ጋቢያቸውን ደረቡ፤ ዘንጋቸውን አነሡ። በሩ ጋ ሲደርሱ ፊታቸውን ሳያዞሩ ቆሙ።

«አቶ ኃይለ ጊዮርጊስ ቤት እሄዳለሁ» አሉ። «ይቅርታ ይገባቸዋል። ባዝራዋ ለካ ገመድ በጥሳ ሄዳ ኖሯል፤ ልጅቷ ጥላው ሥር እንቅልፍ ወስዷት አላየቻትም፤ ዛሬ ውርንጭላውን አይተን ነው የገባን እላለሁ። ሽማግሌ ናቸው፤ ይረዱኛል። ሰው ፊት እንደ ገና የሚነሣ ነገር አይኖርም። አንቺም ልጅ ነሽ፤ ስምሽ አይነሣ።»

እናቷ ከድንጋዩ ላይ ሆነው «አዎ፣ እንደዚያ ይሻላል» አሉ ቶሎ። «እንደዚያ ይሻላል። ልጅ ናት።»

የእናት ነገር ነው፤ ማን ይፈርድባቸዋል። አገሬም ለአንድ አፍታ ቀለላት። በሩ ተከፍቶላታል። ማንም አይሥቅባትም፤ በዛብሽም አትነካም፤ ነገ ይፈትኑኝ ብላ መምህሩን ትለምናለች። ዝም ማለት ብቻ ነው የሚጠበቅባት። ዝም ማለት ደግሞ ዓመት ሙሉ ተለማምዳዋለች።

«አይሆንም አባባ» አለች።

አባቷ ዞሩ።

«እሳቸው እኔንም አይተውኛል። ወንዙን ተሻግሬ ዳማን ስጎትታት እዚያው ቆመው ነበር። ዓይን ለዓይን ነው የተያየነው። ዋርካው ሥር ግን የነገሩዎት ስለ ባዝራዋ ብቻ ነው። የኔን ስም አልጠሩም። እርስዎ ዓይንዎ ደክሞ ይሆናል ሲሏቸውም፣ ሰው ሲሥቅባቸውም አልጠሩም።»

አባቷ ዘንጋቸውን ከቀኝ ወደ ግራ እጃቸው አዛወሩ። የፊታቸው ቀለም ተለወጠ። ብዙ ሰው አስምለው፣ ብዙ ምስክር ሰምተው ያውቃሉ፤ እንዲህ ሆነው ግን አገሬ አይታቸው አታውቅም።

«ታዲያ ምን ልትዪ ነው?» አሉ በመጨረሻ።

«የሆነውን። ዛሬ ለእሳቸው እቤታቸው። እሑድ ደግሞ ዋርካው ሥር፣ ሰው ሲሰበሰብ።»

«ይሥቁብሻል። በኔም ይሥቃሉ።»

«አውቃለሁ አባባ።»

ዳማ ውርንጭላዋን ትልሳለች።

አባቷ የበሩን መወርወሪያ አነሡ። እንደ ወትሮው ቀድመው አልወጡም፤ ወደ ጎን ተጠግተው ቆሙ። አገሬ እጇ ላይ የደረቀውን ደም በቀሚሷ ጠርጋ፣ ነጠላዋን አስተካክላ፣ በፊታቸው አለፈችና ወደ ወንዙ የሚወርደውን መንገድ ያዘች።